ከደጅ እስከ ስልክ፦ ስማርት ደወል፣ ቁልፍና የቤት ካሜራ

ስማርት የሚባለው የቤት መጠበቂያ ከቀድሞው የሚለየው ከኢንተርኔት ጋር በመገናኘቱ ነው። ደወሉ ሲነካ ሳሎን ውስጥ ብቻ ሳይሆን በባለቤቱ ስልክም ላይ ይጮኻል። ቁልፉ በኮድ፣ በጣት አሻራ ወይም በስልክ ይከፈታል። ካሜራው የቀዳውን ባለቤቱ የትም ይሁን የት ሊያየው ይችላል። ሦስቱ ተቀናጅተው ሲሠሩ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ሰው አዲስ አበባ በሚገኘው ቤቱ ደጅ የቆመውን እንግዳ አይቶና አነጋግሮ በሩን ሊከፍትለት ይችላል።

ይህ ምቾት በሩን የመክፈት ሥልጣን ያለበትን ቦታ ይቀይረዋል። በቀድሞው ቤት የሚገባው ቁልፉን በኪሱ የያዘ ሰው ነው። በተገናኘው ቤት ግን ሥልጣኑ ያለው በስልክ መተግበሪያ በሚከፈተው አካውንት ላይ ነው፤ አካውንቱ በእጁ የገባ ሰው በሩን ይከፍታል፣ የቤቱንም ውስጥ ያያል። ስለዚህ የምስል ጥራት፣ የባትሪ ዕድሜና ዋጋ ሁሉ ከታዩ በኋላ ዋናዎቹ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ አካውንቱ በማን እጅ ነው? የተቀዳውስ የት ይቀመጣል? ቀጥሎ መሣሪያዎቹ አንድ በአንድ ይታያሉ፤ ከዚያም እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ። የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጥ

ደጅ የቆመን ሰው በቴሌቪዥን የማየት ሐሳብ ኢንተርኔትን ይቀድማል። ሜሪ ቫን ብሪታን ብራውን በኒውዮርክ ከተማ፣ ኩዊንስ ውስጥ፣ ጃማይካ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ነርስ ነበሩ። የእሳቸውም ሆነ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ የነበሩት የባለቤታቸው የአልበርት ብራውን የሥራ ሰዓት የተዘበራረቀ ስለነበር ሜሪ ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይሆኑ ነበር። ባልና ሚስቱ በ1966 የፈጠራ መብት ጠየቁ፤ በዲሴምበር 2 ቀን 1969 በቁጥር 3,482,037 ተሰጣቸው። በንድፋቸው መሠረት መዝጊያው ላይ ለረጅምም ለአጭርም ሰው እንዲሆኑ በተለያየ ከፍታ አራት ቀዳዳዎች ይበሳሉ፤ ካሜራው ወደ ላይና ወደ ታች እየተንቀሳቀሰ በየቀዳዳው ያያል፤ ምስሉ ሌላ ክፍል ባለ ስክሪን ላይ ይታያል። ከእንግዳው ጋር በማይክሮፎን መነጋገር፣ በሩን ከርቀት መክፈት፣ አደጋ ከመሰለም እርዳታ መጥራት ይቻል ነበር። ዛሬ ስማርት ደወል ከሚያደርጋቸው ነገሮች አብዛኞቹ በዚያ ንድፍ ውስጥ አሉ።

ቀሪውን ስማርት ስልክና ዋይፋይ ጨመሩ። ድሮፕካም የተባለው ድርጅት በ2009 ተቋቁሞ ቪዲዮውን በቀጥታ ወደ ኩባንያው ሰርቨር የሚልክ የቤት ካሜራ ለገበያ አቀረበ፤ በ2014 የጉግል ንብረት የነበረው ኔስት በ555 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። አሜሪካዊው ጄሚ ሲሚኖፍ ጋራዡ ውስጥ ሲሠራ የቤቱ ደወል አልሰማ ስላለው ዶርቦት የተባለ የቪዲዮ ደወል ሠራ። በ2013 ሻርክ ታንክ በተባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀርቦ ባለሀብት ሳያገኝ ተመለሰ፤ በማግስቱ ዓመት የምርቱ ስም ሪንግ ተባለ፤ በ2018 አማዞን ኩባንያውን ገዛው። በቁልፍ በኩልም ኦገስት የተባለው ስማርት ቁልፍ በ2013 ለሕዝብ ተዋወቀ፤ ከአራት ዓመት በኋላ አሳ አብሎይ በተባለው የስዊድን የቁልፍ አምራች ሥር ገባ። በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ የጀማሪዎች ሙከራ የነበረው የትልልቅ ኩባንያዎች ሥራ ሆነ።

ደወሉ

በአንድ ስማርት ደወል ውስጥ የሚጫን ቁልፍ፣ ሰፊ እይታ ያለው ሌንስ፣ ማይክሮፎን፣ ድምፅ ማጉያ፣ የእንቅስቃሴ ሴንሰርና የዋይፋይ ራዲዮ አሉ። በባትሪ የሚሠራ ደወል ካሜራውን ሁልጊዜ ክፍት ቢያደርገው ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ካሜራው ተኝቶ ሴንሰሩ ብቻ ይነቃል። ሴንሰሩ የሚለካው ከሰውነት የሚወጣውን የማይታይ የሙቀት ጨረር ነው፤ ሞቃት አካል በፊቱ ሲያልፍ ለውጡን አይቶ ካሜራውን ይቀሰቅሳል።

የሴንሰሩን ባሕርይ ማወቅ ብዙ ቅሬታ ያስቀራል። ከጎን ወደ ጎን የሚያልፍን ሰው በደንብ ይይዛል፤ ቀጥ ብሎ ወደ እሱ የሚመጣውን ግን ዘግይቶ ያያል። በመስኮት መስተዋት ውስጥ የሰውን ሙቀት አያይም። የአየሩ ሙቀት ወደ ሰውነት ሙቀት ሲጠጋም ልዩነቱ ስለሚጠፋበት ይደክማል፤ በባሕረ ሰላጤው በጋ ወይም በአፋር ቆላ እኩለ ቀን ላይ ያመለጠው እንቅስቃሴ ቢኖር ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ካሜራው ከእንቅልፍ እስኪነቃ የሚያልፈው ጊዜም ጥቂት አይደለም፤ መጥቶ ዕቃ አንስቶ በፍጥነት የሄደ ሰው ጀርባው ብቻ ሊቀዳ ይችላል። ከመስመር ኤሌክትሪክ የሚያገኙ ደወሎች ሁልጊዜ ስለሚያዩ ይህ ችግር አይበረታባቸውም።

ሁለተኛው ማጣሪያ ሶፍትዌር ነው። ካሜራው ከነቃ በኋላ ያየው ሰው፣ እንስሳ፣ መኪና ወይም የተወዛወዘ ቅርንጫፍ መሆኑን ይለያል፤ ይህ በመሣሪያው ውስጥ ወይም በኩባንያው ሰርቨር ላይ ሊሠራ ይችላል። ባለቤቱም ካሜራው የሚከታተለውን ቦታ በመተግበሪያው ላይ ከልሎ መንገዱን ማስወጣት አለበት። በየደቂቃው የሚጮኽ ስልክ ጥቂት ቀን ቆይቶ ድምፁ ይጠፋል፤ እውነተኛው ማስጠንቀቂያም አብሮ ይጠፋል።

በኢትዮጵያ ቤቶች ሁለት ነገር በተለይ ይታሰባል። አንደኛው ኤሌክትሪክ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ባለገመድ ደወሎች የሚፈልጉት በትራንስፎርመር የወረደ ከ16 እስከ 24 ቮልት ነው፤ በ220 ቮልት መስመር ላይ በቀጥታ ከተገጠሙ ይቃጠላሉ፣ ሰውም ሊጎዱ ይችላሉ። ሁለተኛው የግቢው አሠራር ነው። ደወሉ የሚሰቀለው በቤቱ በር ላይ ሳይሆን ራቅ ባለው የውጭ በር ላይ ነው፤ የላሜራ በር ደግሞ የዋይፋይን ምልክት ያግዳል። መሣሪያውን ከላሜራው ሳይሆን ከግንቡ ዓምድ ላይ መትከል፣ ወደ በሩ አቅራቢያም የዋይፋይ ማራዘሚያ ማድረስ ያስፈልጋል። ይህ ካልሆነ እስከ ሳሎን ገመድ ያለው የቪዲዮ ኢንተርፎን የበለጠ አስተማማኝ ነው።

ቁልፉ

አብዛኛው ስማርት ቁልፍ በአሮጌ አሠራር ላይ የተጨመረ ሞተር ነው። ዛሬ በብዙ በሮች ላይ ያለውን ሲሊንደር አሜሪካዊው ላይነስ ዬል ልጁ በ1860ዎቹ በፈጠራ መብት አስመዘገበው፤ መሠረቱ ግን በጥንታዊት ግብፅ በእንጨት ይሠራ የነበረው ቁልፍ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ቁመታቸው የተለያየ ትንንሽ ዘንጎች አሉ፤ ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ሁሉም በአንድ መስመር ይሰለፉና ሲሊንደሩ ይዞራል፣ መወርወሪያውም ይሳባል። ስማርት ቁልፍ መወርወሪያውን በትንሽ ሞተር ያዞረዋል፤ ሞተሩን አብዛኛውን ጊዜ በመዝጊያው የውስጥ በኩል የሚገቡ አራት የተለመዱ የእጅ ባትሪ ድንጋዮች ያንቀሳቅሱታል።

አንዳንዶቹ ቁልፉን ሙሉ በሙሉ ይተካሉ። ሌሎቹ ከውስጥ በኩል ብቻ ይገጠሙና ከውጭ ያለውን ሲሊንደር ባለበት ይተዉታል። ሁለተኛው ዓይነት ለተከራይ ይመቻል፤ ነገር ግን ደካማ የነበረው ሲሊንደር አሁንም ደካማ ነው። ከዚያም በላይ ሌባ ብዙ ጊዜ ከቁልፉ ጋር አይታገልም፤ መቃኑን ይፈነቅላል፣ በሩን በእግሩ ይመታል። የተነቃነቀ መቃን፣ አጭር ብሎንና ስስ መዝጊያ ያለው በር ላይ የሚገጠም ውድ ስማርት ቁልፍ ምቾት ይጨምር እንጂ ጥንካሬ አይጨምርም። በአሜሪካ ደረጃ የቤት ቁልፎች ከ1 እስከ 3 ይመደባሉ፤ 1 ከሁሉ የጠነከረው ነው።

ማንነትን የመለያው መንገድ ሦስት ነው። ባለ አራት አኃዝ ኮድ 10,000፣ ባለ ስድስት አኃዝ ደግሞ 1,000,000 አማራጭ አለው፤ ከጥቂት ስህተት በኋላ ለጊዜው የሚዘጋ ቁልፍ ላይ ሁለቱም በግምት አይገኙም። ኮድ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ሲነካ በመታየቱ ወይም ለብዙ ሰው በመነገሩ ነው። የጣት አሻራ አንባቢ የጣቱን ፎቶ ሳይሆን ከመስመሮቹ የተወሰደ የቁጥር መግለጫ ያስቀምጣል፤ ፍጥነት አለው፣ ይሁን እንጂ በሲሚንቶ ሥራ ወይም በልብስ አጠባ ጣታቸው የተላጠ ሰዎችን ሊያስቸግር ይችላል። ስልክ ደግሞ በብሉቱዝ ከቁልፉ ጋር ይነጋገራል። ንግግሩ በምስጢር ኮድ ካልተጠበቀ ከአጠገብ ያለ ሰው ሊቀዳው ይችላል። በ2016 ላስ ቬጋስ በተካሄደው የዴፍ ኮን ጉባኤ ላይ ተመራማሪዎች 16 የብሉቱዝ ቁልፎችን ፈትነው 12ቱን ከፍተዋል፤ ከነሱ ውስጥ የይለፍ ቃሉን ሳይሸፍኑ በአየር ላይ የሚልኩ ነበሩ። በ2022 ደግሞ ኤንሲሲ ግሩፕ የተባለው የደህንነት ድርጅት፣ ባለቤቱ ሲቀርብ በራሳቸው የሚከፈቱ አንዳንድ የብሉቱዝ ቁልፎች በማታለል ሊከፈቱ እንደሚችሉ አሳየ፤ ሁለት መሣሪያዎች በመካከል ሆነው ሩቅ ያለውን ስልክ ምልክት ወደ ቁልፉ ያሻግራሉ። ስልኩ ላይ ካልተነካ የማይከፈት ቁልፍ ለዚህ አይጋለጥም።

ስማርት ቁልፍ ከብረቱ ቁልፍ በእርግጥ የሚበልጥበት ቦታ የመስጠትና የመንሣት ቅለቱ ነው። ለእንግዳ የሁለት ቀን ኮድ፣ ለጽዳት ሠራተኛ የማክሰኞ ጠዋት ኮድ መስጠት ይቻላል፤ ሥራ የለቀቀ ሰው ኮድ በአንድ ንክኪ ይሰረዛል፣ ሲሊንደር መቀየር አያስፈልግም። ማን መቼ እንደገባም ይመዘገባል። ይህ የሚጠቅመው ግን ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ኮድ ከተሰጠ ነው። ቤተሰቡ፣ ሠራተኛውና ጎረቤቱ አንድ ኮድ ከተጋሩ ምዝገባው ትርጉም ያጣል።

ቁልፉ ሲበላሽ የሚሆነውም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በኦገስት 2017 ሎክስቴት የተባለ ኩባንያ ለሌላ ሞዴል የተዘጋጀ የሶፍትዌር ማሻሻያ በስህተት በመላኩ 500 ያህል የደንበኞች ቁልፎች መሥራት አቁመው ነበር። ስለዚህ በብረት ቁልፍ የሚከፈት ቀዳዳ፣ ወይም ባትሪው ቢያልቅ ከውጭ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥበት ቦታ ያስፈልጋል። በግቢና በአፓርታማ በሮች ላይ የሚገጠመው የማግኔት ቁልፍ የተለየ ነው፤ የሚይዘው ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ያለ መጠባበቂያ ባትሪ የተገጠመ የማግኔት ቁልፍ መብራት በጠፋ ቁጥር በሩን ይከፍታል። በየትኛውም ዓይነት ላይ የማይታለፈው ሕግ አንድ ነው፤ እሳት ቢነሳ ሰው ያለ ስልክ፣ ያለ ኮድና ያለ መብራት ከውስጥ በእጁ ከፍቶ መውጣት መቻል አለበት።

ካሜራው

ካሜራ ሻጮች የሚያስቀድሙት የምስል ነጥቦችን ብዛት ነው። ወሳኙ ግን ነጥቦቹ በምን ያህል ስፋት ላይ እንደተበተኑ ነው። በዓለም አቀፉ የክትትል ካሜራ መመዘኛ መሠረት የማይታወቅን ሰው ማንነት ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት ውስጥ 250 ነጥብ፣ የሚታወቅን ሰው ለማወቅ ደግሞ 125 ነጥብ ያስፈልጋል። 1080ፒ የሚባለው ካሜራ በአግድም 1,920 ነጥቦች አሉት፤ ለ250 ሲካፈሉ 7.7 ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚህ የሰፋ ግቢ ሙሉውን እንዲያይ የተደረገ ካሜራ ሰው መግባቱን ያሳያል፣ ማን እንደገባ ግን አያስረዳም። ስለዚህ አንድ ካሜራ ጠባብ በሆነው መግቢያ ላይ ፊት በሚታይበት ከፍታ ይተከላል፤ ሌላው ግቢውን በስፋት ያያል። ጣሪያ ጥግ ላይ ብቻ የተሰቀለ ካሜራ የሚቀዳው ኮፍያና አናት ነው።

ማታ ካሜራው በኢንፍራሬድ አምፖሎች ያበራል። 850 ናኖሜትር ያለው ብርሃን ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ካሜራው ላይ ግን ደብዛዛ ቀይ ነጥብ ይታያል፤ 940 ናኖሜትሩ ለዓይን አይታይም፣ የሚደርስበት ርቀት ግን ያጥራል። በዚህ ብርሃን ምስሉ ጥቁርና ነጭ ስለሚሆን የልብስ ቀለም አይታወቅም። ከመስኮት መስተዋት ኋላ የተቀመጠ ካሜራ የገዛ ራሱ ብርሃን ተመልሶ ይጋርደዋል። አቧራና የሸረሪት ድርም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ሌንሱን በየጊዜው መወልወል ከካሜራ ጥበቃ ሥራዎች አንዱ ነው።

ማከማቻውን አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚልክ አንድ ካሜራ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይሞላል። 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ የአንዱን ካሜራ 46 ቀን ያህል፣ የአራት ካሜራዎችን ደግሞ ከ11 ቀን ተኩል ያህል በላይ አይይዝም፤ ከዚያ በኋላ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ መቅዳት ወይም ኤች 265 የተባለውን ማመቂያ መጠቀም ጊዜውን ያረዝመዋል። ይኸው ስሌት ኢንተርኔቱንም ይመለከታል፤ ካሜራው ሙሉ ቀን ወደ ሰርቨር ከላከ በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ቤት ወጪው አይቻልም።

ከተቻለ ገመድ ከዋይፋይ ይመረጣል። አንድ የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ምስልንም ኤሌክትሪክንም ለካሜራው ያደርሳል፤ የዋይፋይ ምልክት ግን ሊታወክ ወይም ሆን ተብሎ ሊታፈን ይችላል። መቅጃ ሳጥኑ ከእይታ ተሰውሮ በተቆለፈ ቦታ ይቀመጣል፤ ሌባ ሳጥኑን ይዞ ከሄደ ማስረጃው አብሮ ይሄዳል። በካሜራው ውስጥ ባለ ሚሞሪ ካርድ ላይ ብቻ የሚቀዳም አደጋው ያው ነው። መብራት ሲጠፋ ካሜራ፣ መቅጃና ራውተር ሦስቱም መጠባበቂያ ይፈልጋሉ። በአንድ ላይ 45 ዋት ቢወስዱ ለአራት ሰዓት መብራት መጥፋት 180 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል፤ ባትሪ የያዘውን ኃይል ሁሉ ስለማይሰጥ መጠባበቂያው ከዚህ መብለጥ አለበት።

ምስሉ የሚሄድበት መንገድ

የቤት ራውተር ከውጭ የሚመጣን ጥያቄ ወደ ውስጥ አያሳልፍም። ስለዚህ ካሜራው ራሱ ወደ አምራቹ ሰርቨር ግንኙነት ይከፍታል፤ የባለቤቱም ስልክ ወደዚያው ሰርቨር ይሄዳል፤ ሰርቨሩ ሁለቱን ያገናኛል። መተግበሪያውን ጭኖ ወዲያው ማየት የተቻለው በዚህ አሠራር ነው። ዋጋውም እዚሁ ላይ ነው፤ ሰርቨሩ ሲቆም ምስሉ ይቆማል፣ ወርሃዊ ክፍያ ሲቋረጥ የተቀዳው አይገኝም፣ ኩባንያው አገልግሎቱን ሲዘጋ መሣሪያው ዋጋ ያጣል። ጉግል በኤፕሪል 2024 ለድሮፕካም ካሜራዎችና ለኔስት ሴኪዩር የማንቂያ ሥርዓት የሚሰጠውን ድጋፍ ሲያቆም መሣሪያዎቹ ከአገልግሎት ወጥተዋል።

ሌላው መንገድ ምስሉን ቤት ውስጥ ባለ መቅጃ ላይ ማስቀረት ነው። ከውጭ ማየት ሲያስፈልግ ቪፒኤን በተባለው የተመሰጠረ መስመር ወደ ቤቱ ኔትወርክ ይገባል። ይህ ሙያ ይጠይቃል፤ ምስሉ ግን ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። መካከለኛው አማራጭ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠር ቪዲዮ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ቢቀመጥም መፍቻው በባለቤቱ ስልክ ላይ ብቻ ስለሆነ ኩባንያው አያየውም። ሪንግ ይህን በ2021 ለአንዳንድ ሞዴሎቹ አቅርቧል፤ ባለቤቱ ራሱ ካላበራው ግን አይሠራም፣ ሲበራም ሰርቨሩ ምስሉን አይቶ የሚሰጣቸው አገልግሎቶች ይቀራሉ።

የተለያዩ አምራቾች መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዲግባቡ በ2019 አማዞን፣ አፕል፣ ጉግልና ሌሎች ተባብረው ሥራ ጀመሩ፤ ውጤቱ ማተር የተባለው መስፈርት በኦክቶበር 2022 ወጣ። ቁልፎች ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ ተካተዋል፤ ካሜራዎች የተጨመሩት ዘግይቶ በ2025 ነው። የማተር መሣሪያዎች በቤት ውስጥ በቀጥታ ስለሚነጋገሩ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ትእዛዝ ይቀበላሉ።

ጥቃቱ የሚመጣባቸው በሮች

እስካሁን የደረሱት ጥቃቶች በአምስት መንገድ መጥተዋል። የመጀመሪያው ከፋብሪካ የወጣውን የይለፍ ቃል አለመቀየር ነው። በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ከ60 በላይ የሚሆኑ የታወቁ የፋብሪካ ስምና የይለፍ ቃል ጥንዶችን እየሞከረ ካሜራዎችን፣ መቅጃዎችንና ራውተሮችን በብዛት ማረከ። በኦክቶበር 21 ቀን እነዚህ መሣሪያዎች ዳይን የተባለውን የኢንተርኔት አድራሻ አገልግሎት አጥለቅልቀው ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ጨምሮ ብዙ ድረ ገጾች ለሰዓታት እንዳይገኙ አደረጉ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ብዙዎቹ መሣሪያቸው በጥቃቱ መሳተፉን እንኳ አላወቁም።

ሁለተኛው አንድን የይለፍ ቃል በብዙ ቦታ መጠቀም ነው። ከሌላ ድረ ገጽ የተሰረቀ የይለፍ ቃል በካሜራው አካውንት ላይ ይሞከራል። በ2019 መጨረሻ በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት አንድ ሰው በልጆች መኝታ ቤት በነበረ የሪንግ ካሜራ ገብቶ ሕፃን ልጅ አነጋግሯል። ሪንግ ከጥቂት ወራት በኋላ በሁለተኛ ኮድ ማረጋገጥን ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ ግዴታ አደረገ። ሦስተኛው የኩባንያው የውስጥ ሰው ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በሜይ 2023 ባቀረበው ክስ አንድ የሪንግ ሠራተኛ በ2017 የሴት ደንበኞችን በሺዎች የሚቆጠሩ ቪዲዮዎች ማየቱን ገልጾ ነበር፤ ኩባንያው 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። አራተኛው የሰርቨር ስህተት ነው። በፌብሩዋሪ 2024 የዋይዝ ካሜራዎች ከአገልግሎት መቋረጥ በኋላ ሲመለሱ ወደ 13,000 የሚጠጉ ደንበኞች የሌሎች ሰዎችን ካሜራ ምስል አይተዋል። አምስተኛው ያልተደፈነ የሶፍትዌር ቀዳዳ ነው። በሴፕቴምበር 2021 በብዙ የሂክቪዥን ካሜራዎች ላይ ይፋ የሆነው ቀዳዳ ያለ ይለፍ ቃል መቆጣጠር የሚያስችል ስለነበር አደጋው ከ10 9.8 ተሰጥቶታል፤ መድኃኒቱ አምራቹ ያወጣውን ማሻሻያ መጫን ነበር።

ሕግ አውጪዎች ለዚህ ምላሽ ሰጥተዋል። የካሊፎርኒያ ሕግ ከ2020 ጀምሮ፣ የብሪታንያው ደግሞ ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ ለሁሉም መሣሪያ አንድ የሆነ የፋብሪካ ይለፍ ቃልን ከልክለዋል፤ የብሪታንያው አምራቹ ለምን ያህል ጊዜ ማሻሻያ እንደሚሰጥ እንዲገልጽም ያስገድዳል። የአውሮፓ ኅብረት ሰፊ ሕግ ዋና ግዴታዎች በዲሴምበር 11 ቀን 2027 ይጀምራሉ። እንዲህ ዓይነት ግዴታ በሌለበት ገበያ የሚገዛ ሰው ይህን ራሱ መጠየቅ ይኖርበታል።

የሚታዩት ሰዎች

ካሜራ ሌባን ብቻ አያይም፤ ጎረቤትን፣ መንገደኛን፣ የቤት ሠራተኛን፣ ልጆችንም ያያል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2014 በቼክ ሪፐብሊክ ጉዳይ ላይ፣ የሕዝብ መንገድን ጭምር የሚቀዳ የቤት ካሜራ ከመረጃ ጥበቃ ሕግ ነፃ እንደማይሆን ወስኗል። በኦክቶበር 2021 በእንግሊዝ ኦክስፎርድ የዋለ ችሎት ደግሞ የአንድ ሰው ደወልና ካሜራዎች የጎረቤቱን መብት ጥሰዋል ብሏል፤ ዳኛዋ ከምስሉ ይልቅ ከርቀት የሚሰማው ድምፅ እንዳሳሰባቸው ገልጸዋል። ብዙ ባለቤቶች የማያስቡት ይህን ነው፤ ካሜራው ከሚያየው ቦታ ውጭ የሚደረግ ንግግርም ይቀዳል። ድምፅ ካላስፈለገ ቅጂው መጥፋት አለበት።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ደንግጓል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የግል መረጃ ለተወሰነና ሕጋዊ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ ያዛል። ከሕጉ ባሻገር የጨዋነትም ጉዳይ ነው። ግቢ ተጋርተው የሚኖሩ ሰዎች በር ላይ የሚሰቀል ካሜራ የማንን መስኮት እንደሚያይ ተነጋግሮ መወሰን ጎረቤትነትን ያቆያል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚገባቸው የቤት ሠራተኞች ናቸው። በባሕረ ሰላጤው ሀገራት በሰው ቤት ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያት የሥራ ቦታቸው መኖሪያቸውም ነው፤ በሚተኙበትና በሚለብሱበት ቦታ የሚተከል ካሜራ የሰው ክብርን ይገፋል። በአዲስ አበባ ቤቶችም ፍርዱ ያው ነው። ካሜራው ልጅን ወይም ንብረትን ለመጠበቅ ከሆነ ሠራተኛዋ የት የት እንዳለ ማወቅ አለባት፤ መኝታ ቤቷና መታጠቢያው ክልክል ናቸው። በደል ቢደርስባት ማስረጃው የሚገኘው በአሠሪዋ አካውንት ውስጥ መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ ተመልካቹም ፈራጁም አንድ ሰው በሆነበት ቤት የታየችው ሰው አቅም የላትም። በተመሳሳይ መንገድ ትዳር ሲፈርስ በአንዱ ስልክ ላይ የቀረ መተግበሪያ የሌላውን መውጣትና መግባት መከታተያ ይሆናል፤ መለያየት ሲመጣ የአካውንቱ ተጠቃሚዎች ዝርዝር ወዲያው መታየት አለበት።

ምን ያህል ይከላከላል

በ2019 የወጣ የ40 ዓመት ጥናቶች ግምገማ የሕዝብ ቦታ ካሜራዎች ባሉበት ወንጀል በ13 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል፤ ውጤቱ በመኪና ማቆሚያዎች የጎላ ነበር፣ በጉልበት ወንጀል ላይ ግን ለውጥ አልታየም። የቤት ካሜራ ከዚህ የተለየ ነገር ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ መውሰድ አይቻልም፤ አቅጣጫው ግን ያስተምራል። ካሜራ ብቻውን ሌባን አያስቆምም። የሚጠቅመው ጠንካራ በር፣ ብርሃንና ቶሎ የሚደርስ ሰው አብረውት ሲኖሩ ነው።

ውጭ ሀገር ሆኖ ቤቱን የሚጠብቅ ሰው ይህን አስቀድሞ ማደራጀት አለበት። አዲስ አበባ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ከምሽቱ 12 ወይም 1 ሰዓት ነው፤ ቤተሰብ በተኛበት ሰዓት ባለቤቱ ነቅቶ ማየቱ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ካየ በኋላ የሚደውልለት ጎረቤት፣ ዘበኛ ወይም የአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ከሌለው የሚቀረው ስርቆቱን መመልከት ብቻ ነው።

አመራረጥና አያያዝ

ገንዘቡ የሚወጣበት ቅደም ተከተል እንዲህ ቢሆን ይመረጣል። መጀመሪያ መቃኑ፣ መዝጊያውና ሲሊንደሩ ይጠናከራሉ፤ መግቢያው ላይ መብራት ይደረጋል። ቀጥሎ ለራውተሩና ለመቅጃው መጠባበቂያ ባትሪ ይገዛል። ከዚያ መግቢያውን የሚያይ አንድ ጥሩ ካሜራ ወይም ደወል ይተከላል፤ ስማርት ቁልፍና ተጨማሪ ካሜራ የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ሲገዛ ሻጩ የሚጠየቀው ስለ ምስል ጥራት ብቻ አይደለም። ያለ ወርሃዊ ክፍያ ምን ይሠራል? ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይቀዳል ወይ? የሶፍትዌር ማሻሻያ እስከ መቼ ይሰጣል? እነዚህን መመለስ የማይችል ርካሽ ካሜራ ውሎ አድሮ ውድ ነው።

በተገጠመበት ቀን የፋብሪካው ይለፍ ቃል ሌላ ቦታ ባልተጠቀሙበት ረጅም ቃል ይቀየራል፤ በሁለተኛ ኮድ ማረጋገጥ ይበራል፤ ማሻሻያው በራሱ እንዲጫን ይደረጋል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አካውንቱ የተከፈተበት ኢሜይልና የስልክ ቁጥር ነው። ካሜራውን የገጠመው ቴክኒሺያን በራሱ ኢሜይል ከፍቶት ከሆነ የቤቱ እውነተኛ ባለሥልጣን እሱ ነው፤ ባለቤቱ በራሱ ስም እንደገና ማስከፈት አለበት። ካሜራዎቹ ከቤተሰቡ ስልክና ኮምፒውተር በተለየ የዋይፋይ መስመር ቢሆኑ አንዱ ቢሰበር ሌላው ይተርፋል። ለቤተሰብ አባላት የይለፍ ቃል አይሰጥም፤ እያንዳንዱ በራሱ ስም ይጨመራል፣ ዝርዝሩም በየጥቂት ወሩ ይታያል።

ቤቱ ሲሸጥ ወይም ሲከራይ ሥራው በሁለት ወገን ይጠናቀቃል። የሚወጣው ሰው መሣሪያዎቹን ከአካውንቱ ሰርዞ ወደ ፋብሪካ ሁኔታቸው ይመልሳቸዋል፤ የተቀዳውንም ያጠፋል። የሚገባው ሰው ቁልፍ እንደሚቀይር ሁሉ የኮዶቹንና የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር ባዶ መሆኑን አረጋግጦ በራሱ አካውንት ይመዘግባቸዋል። መመለስ ወይም መሰረዝ የማይቻል መሣሪያ ተነቅሎ በሌላ ይተካል።